ፍሪትዝ ዝዊኪ እና የስበት ሌንስ ፍለጋ

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1898 በቡልጋሪያ፣ በቫርና ከተማ ተወለደ። ዙሪክ ተምሮ በ1925 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ የሥራ ዘመኑንም በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አሳለፈ።

አንስታይን በ1936 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ኮከብ ከበስተጀርባው ያለን ኮከብ ብርሃን በስበቱ አጉብጦ እንደ ሌንስ ሊያጎላው እንደሚችል አስልቶ፣ ክስተቱን በምልከታ የማግኘት ተስፋ ግን እንደሌለ አመለከተ። ዝዊኪ በማግስቱ ዓመት ጥያቄውን ከከዋክብት ወደ ጋላክሲዎች አዞረው። የጋላክሲ መጠነ ቁስ ከኮከብ በቢሊዮኖች እጥፍ ስለሚበልጥ፣ የሚፈጥራቸው ምስሎች በቴሌስኮፕ ተለይተው እስኪታዩ ድረስ ይራራቃሉ። የጋላክሲዎች ብዛት ሲታከልበትም ግኝቱ እንደማይቀር ደመደመ። በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር የጋላክሲዎችን መዝገብ በ6 ቅጾች አዘጋጀ።

በ1974 ሲሞት ግን አንድም የስበት ሌንስ አልተገኘም ነበር። በ1979 ግን 6 አርክሰከንድ ያህል የተራራቁ፣ ስፔክትረማቸው የሚመሳሰል ሁለት የኳሳር ምስሎች ተለዩ፤ ብርሃኑን የከፈለውም ጋላክሲ ነበር። ዛሬ በሰፋፊ የሰማይ ቅኝቶች በጋላክሲ ዙሪያ የተቀራረቡ፣ ቀለማቸው ተመሳሳይ የሆነ ነጥቦችን የሚያስሱ ተመራማሪዎች የሚመሩት በዚሁ ስሌት ነው፤ ብርቅ የሆነውን ለማግኘት እጅግ ብዙ ጋላክሲዎችን መመርመር።