ልዑል ዓለማየሁ እና እኛ

በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ ብላቴናን ሕይወት እናነሣለን። ስሙን ሁላችንም ሰምተናል፤ ኑሮውን ግን ያሰብንበት ጥቂቶች ነን።

ልዑል ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ አባቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። እናቱም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ በትግራይ ጨለቆትም ተቀበሩ። ልጁ በሰባት ዓመቱ አባት እናት የሌለው ሆኖ ባሕር ተሻገረ።

በእንግሊዝ አገር ምን ጎደለበት? ንግሥት ቪክቶሪያ በርኅራኄ ተቀበሉት፤ በቸልተናምና በራግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገባ። በመጀመሪያ ያሳደገው ካፒቴን ስፒዲ፣ የአገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው የነበረው፣ አማርኛ ያውቅ ነበርና ብላቴናው ከእርሱ አልለይም ይል ነበር። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት ለትምህርቱ ብሎ ለያያቸው። ከዚህ በኋላ ልዑሉ የሚበላውና የሚለብሰው አላጣም፤ ያጣው ዘመድና የእናቱን ቋንቋ ነው። ሕዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሲያርፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረውም በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው።

ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. አፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይታወካል በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ለአስኮ ልጆች ምን ይነግረናል? ከሰፈራችን ወደ ውጭ አገር የሄዱ ወንድሞችና እኅቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው ለዕረፍት ሲመጡ ከአያታቸው ጋር በፈገግታ ብቻ ሲተያዩ አይተናል። አያት ትመርቃለች፤ ልጁ ምርቃቱን አይሰማም። ከእኛም መካከል ትምህርቱን ሲጨርስ ለመሄድ የሚያስብ አለ፤ መሄዱን አንነቅፍም። ነገር ግን ዓለማየሁን የወሰደው ጦር ነው፤ የሚያነጋግረውም አልነበረው። እነዚህ ልጆች ግን እኛ አለንላቸው። በየሳምንቱ ስልክ ስንደውል በአማርኛ እናጫውታቸው፤ ፊደልም እናስቆጥራቸው።

የልዑሉን አፅም ማስመለስ በእጃችን አይደለም። የልጆቻችን ቋንቋ ግን በእጃችን ነው።

የልዑል ዓለማየሁን ነፍስ በገነት ያሳርፍልን።