ከጀልባው የወጣችው ልጅ፤ የአስቴር ገኖ ታሪክ

ስለ ባሪያ ንግድ ሲነሣ እኛ ወጣቶች ዘወትር የምንሄደው ወደ አሜሪካ ነው። ስለ አትላንቲክ መርከቦች፣ ስለ ጥጥ እርሻውና ስለ ሊንከን በትምህርት ቤት ተምረናል። በቀይ ባሕር በኩል ስለ ተጋዙት ስለ አገራችን ልጆች ግን ብዙም አንነጋገርም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የአንዲቱን ልጅ ሕይወት ልናቀርብላችሁ ወድደናል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፋችንን ከወዲሁ እንድትረዱልን ይሁን።

አስቴር ገኖ በ1872 ገደማ በሊሙ አካባቢ ተወለደች። ሊሙ ለእኛ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ልጆች እጅግ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከጊቤ ማዶ፣ ከጅማ ወዲያ ናት። በዚያ ዘመን በጊቤ ምድር አምስት መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። በገበያዎቻቸው ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። አስቴርም ገና በልጅነቷ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ሆነች፤ በኋላም ወደ ባሕር ተነዳች።

ከጊቤ ወደ ባሕር የሚያወጡት መንገዶች ብዙ ነበሩ። አንዱ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምፅዋ ይዘልቃል። ሌላው በሸዋ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ታጁራ ይወርዳል። ወራት የሚፈጅ የእግር ጉዞ ነው። ሕፃናቱ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ብዙዎቹ ስማቸው ይለወጣል፤ ታናናሾቹ የእናታቸውን ቋንቋ እስከ መርሳት ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እውነተኞች አንሆንም። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለ ሐዲያ ሲጽፍ፣ ወሽሉ በተባለ ስፍራ የተሰለቡ ባሮች ወደ ሐዲያ እየተወሰዱ ቁስላቸው ይታከም እንደ ነበርና ከዚያ በኋላ በውድ ዋጋ ይሸጡ እንደ ነበር መዝግቧል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ኃጢአት ብቻ አይደለም። ዛሬም በየመንደሩ ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉ። ይህን ሰምተን ዝም ያልን ወጣቶችም አለን፤ እኛ ራሳችን ከእነዚያ መካከል ነን።

አሁን ወደ ባሕሩ እንውረድ። እንግሊዝ በ1877 ከግብፅ፣ በ1880 ደግሞ ከቱርክ ጋር ስለ ባሪያ ንግድ ውል ተዋውላ ነበርና የጦር መርከቦቿ በቀይ ባሕር የሚጠረጠሩ ጀልባዎችን እያስቆሙ ይፈትሹ ነበር። ኢጣሊያም በ1885 ምፅዋን ከያዘች በኋላ መርከቦቿን በዚያ አሰማራች። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ባሕሩ በደቡብ በኩል ጠባብ በመሆኑ ጥሩ ነፋስ ያገኘ የሸራ ጀልባ በአንድ ሌሊት ይሻገረዋል። የጦር መርከቦቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ጀልባዎቹ ደግሞ ተቆጥረው አያልቁም። ነጋዴዎቹ ልጆቹን የመርከበኛ ቤተሰብ ወይም ወደ መካ የሚሄዱ መንገደኞች አስመስለው ያሳልፏቸዋል። የእንግሊዝን ፍተሻ ለማምለጥ የፈረንሳይ ባንዲራ የሚሰቅሉም ነበሩ። ስለዚህ ከተያዘው ጀልባ ይልቅ ያመለጠው ይበዛ ነበር ብንል ስሕተት አይመስለንም።

አስቴርን ወደ ዐረብ አገር ያሳፈረው መርከብ ግን አላመለጠም። በ1886 የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ያዘውና ልጅቱ ነጻ ወጣች። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ገደማ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ኦስፕሬይ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ 204 ሰዎች የጫኑ ሦስት ጀልባዎችን ይዛ ወደ ኤደን ወሰደች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ ልጆች 64 የሚሆኑት በ1890 እስከ ደቡብ አፍሪካ ተሻግረው ላቭዴል በተባለ ትምህርት ቤት ገቡ። ቢሾ ጃርሳ የምትባለው ልጅ እዚያው አድጋ፣ እዚያው ወለደች። ከማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት የታሰረው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው። ነጻ የወጣ ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ኢጣሊያ በዚያ ባሕር ላይ የቆመችው ስለ ልጆቹ ብላ ነውን? አይደለም። ባርነትን ማጥፋት የሚለው ምክንያት መሬት ለመያዝም የሚመች ነበር። ያው መንግሥት ዐሥር ዓመት ሳይቆይ ጦሩን ይዞ ዓድዋ ድረስ መጣ፤ በ1935 አገራችንን በወረረ ጊዜም ይህንኑ ምክንያት አንሥቷል። ይሁን እንጂ አስቴርን በሚመለከት፣ መርከቡ ባይያዝ ኖሮ ስሟን ዛሬ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ይህንንም መካድ አይገባንም።

ከምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለች ስፍራ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረው። አስቴር ወደዚያ ገብታ ማንበብና መጻፍ ተማረች። በዚያም አናሲሞስ ነሲብን አገኘች። አናሲሞስም ራሳቸው ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው እጅ ተነጥቀው ከተሸጡ በኋላ በ1870 በምፅዋ ነጻ የወጡ ሰው ናቸው። በስዊድን አገር ተምረው ተመልሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። ነገር ግን ከቤታቸው የወጡት በልጅነታቸው በመሆኑ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጎድሎባቸው ነበር። አስቴር ግን አገሯን የለቀቀችው ካደገች በኋላ ነው። የሊሙ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ሁሉ በልቧ አለ። ነጋዴዎቹ ያን ሊወስዱባት አልቻሉም።

አናሲሞስ ይህን ተሰጥዎዋን ፈጥነው አስተዋሉ። እርሷም የኦሮምኛ ቃላትን እየሰበሰበች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። በ1893 በእምኩሉ የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ሲፈጸም ይህ መዝገበ ቃላት አገልግሏል። ከዚህም ሌላ 500 ያህል ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ፤ የተጻፉትም በእኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ስለዚያ ትርጉም ሲወራ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የአናሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴር ድርሻ ሲነገር የሰማን ከመካከላችን ስንት እንሆናለን?

በሐዲይኛና በከምባትኛ እንቆቅልሽ የሚያውቁ አያቶች በየቤታችን አሉ። ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ እኛም ደብተር ገዝተን ለክረምቱ ዕረፍት ይዘን ገባን። አንዲት አያት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲነግሩን አመሹ፤ የልጆቹ ሳቅ ስለ በዛ ከግማሽ በላይ ሳንጽፈው ቀረ። አስቴር በዚያ ዕድሜ 500 መጻፏ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረው ያን ምሽት ገባን።

በ1904 አናሲሞስና ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ሲመለሱ አስቴርም አብራ ተመለሰች። መምህርት ስለሆኑ ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ፊደል ያስቆጥሩ ጀመር። በስንት ብር እንደ ተገዛች ይጠየቅላት የነበረችው ልጅ፣ አሁን የሰው ልጆች ለማስተማር በአደራ የሚሰጧቸው እመቤት ሆኑ።

በነሐሴ 1942 ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክል አዋጅ በአገራችን ሲወጣ ወይዘሮ አስቴር ከጀልባው ከወጡ 56 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወደ ሊሙ ሳይሆን ወደ ነቀምቴ ነበር የተመለሱት፤ በዚያው ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዘጠና ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ።