ያዕቆብ የተባለው እንግዳ

ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች በር ስለሆነች ፈረንጅ ብርቅ አይደለም። ሠርግ ሲኖር በመንገድ የሚያልፈውን እንግዳ ዳስ አስገብቶ ጠላ ማስጨበጥ የተለመደ ነው። ልጅ ሆኜ አንዱን መሀል አስገብተን እስክስታ ካልመታህ ብለን ያስጨነቅነው ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜም ሆነ አሁን የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው አገሩ ሲገባ ስለ እኛ ምን ብሎ ያወራ ይሆን? ኮሌጅ ገብቼ ስለ ጄምስ ብሩስ ሳነብ ጥያቄው እንደገና ተቀሰቀሰብኝ።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለ ስፍራ ተወለደ። ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተችበት። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከሠራ በኋላ የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያ በዓድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ እኛ ሊማሊሞ ሥር ደረሰ። ጣሊያን ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ያን ጊዜ የለም፤ ያለው የሲራራ ነጋዴ መውጫና ኬላ ነው። ሊማሊሞን በመኪና ሲወጣ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ስንት አለ! እሱ በበቅሎና በእግሩ ወጥቶ፣ የደባርቅንና የዳባትን ደጋ አቋርጦ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ገባ።

ጎንደርን ያገኛት ፈንጣጣ ገብቶባት ነው። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው የታመሙትን ልጆች እንዲያይ ፈቀዱለት። ብሩስ በሩና መስኮቱ ይከፈት አለ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፤ በሆምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ከዚያ ወዲያ እንግዳነቱ አበቃ ማለት ይቻላል። ጠጉሩን እንደ አገሬው ተሠርቶ፣ የአገር ልብስ ለብሶ፣ አማርኛና ግእዝ እየተናገረ ያዕቆብ ተባለ። የንጉሡ የዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ባለሟል ሆነ።

ራስ ሚካኤል ስሑል የልጅ ልጃቸውን ለበጌምድሩ ገዥ ለወንድ በወሰን ሲድሩም ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ግብሩ ለከተማው ሁሉ ተጥሏል፤ ወንዱም ሴቱም እኩል ይበላል፣ ይጠጣል። (ሙሽራው በዓመቱ ሰርባኩሳ ላይ ከጉሹ ጋር ሆኖ አማቱን ገጥሞ ድል ነሣቸው፤ የዘመኑ ጋብቻ እንዲህ ነበር።)

እኔን ግን የሚገርመኝ በጎንደር ከጠጅ በኋላ የተፈጠረው ጠብ ነው። የራስ ሚካኤል ዘመድ ገብረ መስቀል በተኳሽነቱ ሲኩራራ፣ ብሩስ የኔ ጠመንጃ በሻማ ቁራጭ ካንተ ጥይት ይበልጣል አለው። ገብረ መስቀል ውሸታም ፈረንጅ ብሎ በእርግጫ መታው። ብሩስ አንገቱን ይዞ መሬት ላይ ጣለው። ካራ ተመዘዘ፤ ብሩስ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ቆሰለ። በቤተ መንግሥት ካራ መምዘዝ በሞት ያስቀጣ ስለነበር ገብረ መስቀል ታሰረ፤ ይቅር ይባልልኝ ብሎ የለመነለት ደግሞ ብሩስ ራሱ ነው። በኋላ ንጉሡ ፊት ግማሹን ሻማ ተኩሶ ሦስት ጋሻ በሳ፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ ጠረጴዛ በሳ። ከእንግዳ ጋር ማን እንዲህ ይደባደባል? እንዲህ የሚጣሉትም የሚታረቁትም ከቤተኛ ጋር ነው።

የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 አየ። የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ አለ፤ ነገር ግን ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ እውነቱ ግን አብሮት ሄዷል። ይህን ማንበብ አልወደድኩትም። አብሮ የተጓዘን ሰው መካድ ነውር ነው።

አገሩ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ሄደ፤ አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ያወቀው ያኔ ነው። የሎንደን ሰው ግን ወሬውን አላመነውም። ስለ ጥሬ ሥጋና ከቆመች ላም ስለሚቆረጥ ሥጋ ሲናገር ሳቁበት። አኩርፎ ቆይቶ በ1790 አምስት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ። እዚያ ላይ ነው የእኔ ቅሬታ። የሠርጉን ግብር የጻፈው ለአንባቢ መደነቂያ እንዲሆን አድርጎ ነው፤ አብሮ መብላቱን፣ አብሮ መጠጣቱን ግን ብዙም አላነሳሳውም። ደግሞ ፍርድ እንዳላጎድል፣ የእቴጌ ምንትዋብንና የወይዘሮ አስቴርን ደግነት በፍቅር ነው የጻፈው፤ ብዙ የጎንደር ሰው በስሙ የሚታወቀን ለዚህ መጽሐፍ ምስጋና ይግባውና ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1794 ኪኔርድ በሚገኘው ቤቱ እንግዶች ጠርቶ አበላ። ሲመሽ አንዲት እንግዳውን እስከ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ደረጃው ላይ እግሩ አዳልጦት ወደቀ፤ በማግስቱ ሞተ።