ወረፋን በስሌት የመረመሩት ሊቅ፦ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ

አንድ አገልግሎት መስጫ ስንት መስኮት ሊኖረው ይገባል? ተገልጋይስ ምን ያህል ይጠብቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በግምት ሳይሆን በስሌት መልስ መስጠት እንደሚቻል ካሳዩት ሊቃውንት መካከል ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ኤርላንግ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1878 በዴንማርክ፣ በጁትላንድ ምድር፣ ሎንቦርግ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ኤርላንግ ገና በ14 ዓመታቸው በልዩ ፈቃድ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ወስደው በከፍተኛ ውጤት ካለፉ በኋላ፣ ወደ መንደራቸው ተመልሰው በአባታቸው ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1896 በነጻ የትምህርት ዕድል ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1901 በሒሳብ ተመረቁ። ቀጥለው በነበሩት ሰባት ዓመታት ኑሯቸውን በመምህርነት እየመሩ የሒሳብ ምርምራቸውን ገፉበት።

በዴንማርክ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባዎች ላይ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ከነበሩት የሒሳብ ሊቅ ዮሐን ጄንሰን ጋር ተዋወቁ። ይህ ትውውቅ እ.ኤ.አ. በ1908 በኩባንያው ተቀጥረው ለመሥራት በር ከፈተላቸው።

በዚያ ዘመን አብዛኛውን የስልክ ጥሪ በእጅ የሚያገናኙት ኦፕሬተሮች ነበሩ። መስመሮችና ኦፕሬተሮች ሲያንሱ ደዋዩ ይጉላላል፤ ሲበዙ ደግሞ ወጪው ይንራል። ችግሩን ያከበደው ደዋዮች ተራ ጠብቀው የማይደውሉ መሆናቸው ነው፤ አንዳንዴ ማዞሪያው ጸጥ ይላል፣ አንዳንዴ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይደውላሉ። ስለዚህ አማካዩን የጥሪ ብዛት ማወቅ ብቻውን በቂ አልነበረም።

ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተሙት ጥናት፣ በዘፈቀደ የሚመጡ ጥሪዎች ብዛት ፖይሰን በመባል የሚታወቀውን የዕድል ሕግ እንደሚከተል አሳዩ። በ1917 ደግሞ መስመሮች ሁሉ ተይዘው ጥሪ የሚቀርበትን ዕድልና ደዋይ የሚጠብቀውን ጊዜ ለማስላት የሚያስችሉ ቀመሮችን አቀረቡ።

የቀመሩን ጥቅም ቀላል ምሳሌ ያስረዳል። ሁለት መንደሮች እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ቢኖራቸውና የየመንደሩ ነዋሪዎች በሰዓት በአማካይ የ30 ደቂቃ ንግግር ቢፈልጉ፣ በየመንደሩ ከ3 ጥሪዎች 1ዱ መስመር ያጣል። ሁለቱ መስመሮች ለሁለቱም መንደሮች በጋራ ቢያገለግሉ ግን መስመር የሚያጣው ከ5 ጥሪዎች 1ዱ ብቻ ይሆናል። አዲስ መስመር ሳይዘረጋ፣ በአሠራር ለውጥ ብቻ የተጠቃሚው መጉላላት ይቀንሳል።

ኤርላንግ በቢሮ ተቀምጠው ብቻ የሚሠሩ ሰው አልነበሩም። የኬብል ችግሮችን ለማጥናት መሰላል የሚሸከም ሠራተኛ አስከትለው በኮፐንሃገን ጎዳናዎች እየተዘዋወሩ፣ ከመሬት በታች ወዳሉት የኬብል ጉድጓዶች ወርደው ልኬት ይወስዱ ነበር። ትዳር አልመሠረቱም፤ ከገቢያቸው ችግረኞችን ይረዱ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸው ይገልጻል። ኩባንያውን 20 ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1929 በ51 ዓመታቸው አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ የስልክ ጭነት መለኪያ በስማቸው እንዲጠራ ወሰነ፤ አንድ መስመር ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢያዝ ጭነቱ አንድ ኤርላንግ ይባላል። ከሥራቸው የበቀለው የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ዛሬ ከስልክ አልፎ በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በኤርፖርትና በጥሪ ማዕከላት የሠራተኛና የመስኮት ብዛት ለመወሰን ያገለግላል። የተገልጋይ የመጠበቂያ ጊዜ አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል በመሆኑም፣ አገልግሎት ሰጪ ተቋማት ወረፋ ከመፈጠሩ በፊት ሊያቅዱለት ይችላሉ።