ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር፦ በእናት ቋንቋቸው የጻፉት የወሎ ዓሊም

ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ ቢስቲማን ያገኛል። ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከደጋው ወደ ጭፍራና ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወረዳዋን በደቡብ ቃሉ፣ በምዕራብ ተሁለደሬ፣ በሰሜን አምባሰል ያዋስኗታል። የወሎ ዓሊሞች ሲያስተምሩ፣ ደረሶችም ከሼህ ወደ ሼህ እየተዘዋወሩ ሲቀሩ የኖሩት በዚሁ አካባቢ ነው። በዚህ አገር መንዙማ የሚያውቁ አዛውንቶች ብዙዎቹ ግጥሙን የያዙት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባትና ከአያት አፍ ነው። የመንዙማው ባለቤት ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ስሞች አንዱ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር ነው።

ሼህ ጦልሐ የተወለዱት በ1845 ዓ.ም ገደማ ነው። በዘመናቸው የነበረ የወሎ ደረሳ በመጀመሪያ ቁርኣንን በእንጨት ሎህ ላይ እየጻፈና እያጠበ ያጠናል። ከዚያ ወደ ፊቅህና ወደ ነህው ይሻገራል። ኪታቡ ሁሉ ዐረብኛ ነው። ዓሊም ሲጽፍም በዐረብኛ ይጽፋል፤ የሊቅነት መለኪያው ይኸው ነበርና። ገበሬው፣ ነጋዴውና የቤት እመቤቷ ግን ዐረብኛ አይሰሙም። ዱዓውን አሚን ብለው ይቀበላሉ እንጂ የተባለውን ቃል በቃል አያውቁትም።

ይህን ክፍተት የሚሞላ መላ በወሎ ነበረ። ዐጀም ይባላል፤ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ማለት ነው። ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ዐረብኛ ጨ፣ ቸና ኘን ለመሰሉ ድምፆች ፊደል የለውም፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ በነበሩት ፊደላት ላይ ነጥብ እየጨመሩ ይጠቀሙ ነበር። የአማርኛ አናባቢ ሰባት ሲሆን የዐረብኛው ምልክት ግን ሦስት ነው። በዚህ ምክንያት የዐጀም ጽሑፍን በትክክል የሚያነበው ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው የሰማ ሰው ነው። ወረቀቱ ያስታውሳል፣ አፍ ያስተላልፋል። ሼህ ጦልሐ ስማቸው የተተከለው በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ነው።

ወጣትነታቸው ግን የመጻፊያ ጊዜ ብቻ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። ንጉሡ የአገሪቱን አንድነት በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት አስበው ነበር። የጉባኤው ውሳኔ በክርስቲያኖች መካከል የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ዘጋ፤ የወሎን ሙስሊም ግን እንዲጠመቅ አስገደደ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ለመሆን በቁ። ሹመቱንና ርስቱን ላለማጣት ብሎ የተጠመቀ ብዙ ነው። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበረ። ሌላው አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

ሼህ ጦልሐ እምቢ ካሉት ወገን ሆኑ። እምቢታቸው ወደ ጦርነት አደረሳቸው፤ ተከታዮቻቸውን አሰልፈው የመንግሥትን ጦር ከተዋጉ የወሎ ዓሊሞች መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚጠራ ናቸው። ዘመኑ ለሁሉም ወገን መራራ ነበር። መንደር ተቃጥሏል፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ሞቷል።

መጋቢት 1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ሼህ ጦልሐ ግን ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል። የአንድ ሰው ዕድሜ በጦርነት ዓመታት ብቻ ቢለካ ኖሮ ታሪካቸው በጥቂት መስመር ያልቅ ነበር። የቀረው ብዕራቸው ነው። በመንዙማዎቻቸው የነቢዩን ውዳሴ፣ የአላህን አንድነትና ምልጃን በአማርኛ አቀረቡ፤ የዘመናቸውን መከራም አነሱበት። በመድረሳ የተማሩትን ዕውቀት መድረሳ ላልገባው ሰው አወረዱለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ለሊቃውንት የሚጽፍ ዓሊም በሊቃውንት ዘንድ ይከበራል። ለባላገር የሚጽፍ ደግሞ ግጥሙ ስሙ ሳይነሳ የሚዜምበት ጊዜ ይመጣል። በድቤና በጭብጨባ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ መንዙማው የጀማው ሀብት ይሆናል። ሼህ ጦልሐ የመረጡት ይህንን መንገድ ነው። በሰይፍ ያልተቋጨውን ጉዳይ በቋንቋ ያዙት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሃይማኖቱን በገዛ ቋንቋው የሰማ ሰው ይዞ ይቆያልና።

ሼህ ጦልሐ በ1928 ዓ.ም አካባቢ አረፉ፤ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር የወደቀችበት ጊዜ ነው። የመንዙማው ወግ ግን አልተቋረጠም። ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መንዙማዎች ሰብስቦ ያሳተመው ገና እርሳቸው በሕይወት ሳሉ በ1918 ዓ.ም ነበር። በኋላ የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የሼህ ጦልሐን ሕይወት አጥንተው ጻፉ። በ1961 ዓ.ም ደግሞ የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ። እስልምናን በአማርኛ ማስተማር እንደሚቻል ዐጀም ጸሐፊዎቹ ቀድመው አሳይተው ነበር።

ዛሬ መንዙማ በካሴት፣ በሲዲና በስልክ ይደመጣል። በእጅ የተጻፈው ዐጀም ግን ብዙው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ምስጥም ጭስም ይደርስበታል። ወረቀቱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው ሰው ካለፈ ፊደሉ ብቻውን አይናገርም። በዚህ ረመዳን ከኢፍጣር በኋላ አያቱ አጠገብ የሚቀመጥ ወጣት የሚያውቁትን መንዙማ እንዲያወጡለት ይጠይቃቸው፤ እርሱም ይቀበል፣ በስልኩም ይቅዳ። ሼህ ጦልሐ የጻፉት እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ እንዲሻገር ነበር።