የነርቭ ማደንዘዣን ዕድሜ ያራዘሙት ሐኪም፦ ሃይንሪኽ ብራውን

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ቁርጭምጭሚቱን በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው በነርቭ ማደንዘዣ ከተረዳ በሕክምናው ሰዓት ሕመም አይሰማውም። ፈተናው የሚመጣው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ መድኃኒቱ ሲለቀው፣ ብዙውን ጊዜም በሌሊት ነው። የማደንዘዣን ዕድሜ ማራዘም የሙያው ትልቅ ጥያቄ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለጥያቄው ቀደምት መልስ ከሰጡት አንዱ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሃይንሪኽ ብራውን ናቸው።

ብራውን እ.ኤ.አ. በ1862 ያኔ በፕሩሲያ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በራቪች ከተማ ተወለዱ። በላይፕዚግ በቀዶ ሕክምና ሙያ በተሰማሩበት ዘመን፣ ካርል ኮለር እ.ኤ.አ. በ1884 ለዓይን ሕክምና ያስተዋወቁት ኮኬይን በሰፊው ይሠራበት ነበር። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከተወጋበት ስፍራ ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ ማደንዘዙ አጭር፣ መርዝነቱም ብርቱ ነበር። ታማሚዎች ሞተውበታል፤ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስተድም በራሳቸው ላይ ሲሞክሩት ለሱስ ተዳርገዋል።

የኒው ዮርኩ ሐኪም ሊዮናርድ ኮርኒንግ እ.ኤ.አ. በ1885 የእጅን ወይም የእግርን ደም በማሰሪያ መግታት የኮኬይንን ሥራ እንደሚያራዝም አሳይተው ነበር። ብራውን ይህንኑ ሥራ ከውስጥ ሆኖ የሚፈጽም ነገር ፈለጉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነጥሮ የወጣው አድሬናሊን የደም ሥሮችን የሚያጠብብ በመሆኑ ከማደንዘዣው ጋር ቀላቅለው በገዛ ቆዳቸው ላይ ሞከሩት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1903 ለባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ጥቅሙ ድርብ ነበር፤ መድኃኒቱ በነርቩ አጠገብ በመቆየቱ ማደንዘዙ ረዘመ፣ ወደ ደም የሚገባውም ቀስ በቀስ በመሆኑ አደጋው ቀነሰ።

አልፍሬድ አይንሆርን የፈጠሩት ኖቮኬን ከኮኬይን ይልቅ ለሰውነት የማይጎዳ ቢሆንም ለብቻው ሲሰጥ ዕድሜው አጭር ነበር። ብራውን ከአድሬናሊን ጋር አዋሕደው እ.ኤ.አ. በ1905 ለሐኪሞች አስተዋወቁት፤ በዚያው ዓመት ስለ ከፊል ማደንዘዣ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ከ1906 ጀምሮ የጽቪካውን ሆስፒታል መርተው በ1934 አረፉ። የተጎዳ እግርን ከፍ አድርጎ የሚያሳርፈው መደገፊያም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ዛሬ ከጉልበት በስተኋላ ባለው ነርቭ አጠገብ የሚሰጠው ቡፒቫኬን ከእነዚያ መድኃኒቶች እጅግ ይረዝማል፤ ዴክሳሜታዞን ሲጨመርበት ደግሞ በርካታ ሰዓታት ይቀጥላል። በቀጭን ቱቦ ያለማቋረጥ መስጠትም ተችሏል። ሁሉም ግን የሚለቅበት ሰዓት አለው። ታማሚው የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን እግሩ ነፍስ ሳይዘራ አስቀድሞ እንዲወስድ፣ በደነዘዘው እግሩ እንዳይረግጥና ከእሳት እንዲጠብቀው፣ ጄሶው ከጠበቀውም ፈጥኖ እንዲመለስ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።