ቴዎድሮስን በምድጃቸው

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የብረታ ብረት ሙያ በተማርኩበት ዘመን፣ የመጀመሪያ ሥራዬ የአሉሚኒየም ድስት እጀታ ነበር። የአሮጌ ሞተር ቁርጥራጭ አቅልጬ አሸዋው ፎርማ ውስጥ አፈሰስኩ። ሲወጣ ያምር ነበር፤ መምህራችን በመዶሻ መታ ሲያደርጉት ግን ለሁለት ተሰበረ። ስብራቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አሳዩኝ፤ ውስጡ እንደ ጨው ሻካራ ነው። ያን ቀን ስለ እጀታው መናገራቸውን ትተው ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲያወጉን ዋሉ።

እኛ ቴዎድሮስን የምናውቃቸው በሽጉጣቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስባቸው በምድጃቸው ነው።

የቋራው ካሣ ኃይሉ የመድፍን ነገር የተማሩት በሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ሲገጥሙ ጀግንነት የመድፍ ጥይት እንደማይመልስ አዩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ከነገሡ በኋላም ይህ ነገር ከልባቸው አልወጣም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ግን አልመጣላቸውም። የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ያሰሩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ግን ባለ እጆች ነበሯቸው። ዋልድማየርን የመሳሰሉ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን፣ እንዲሁም ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰው። (የዝነኛው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት የዚህ ሰው ልጅ ናት።) መድፍ ሥሩ ሲባሉ አናውቅም አሉ፤ ንጉሡም አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ይህን ማድነቅ አልችልም፤ ሙያን በእስር ማስገደድ የቴዎድሮስ ትልቁ ድካም ነበር። ሰዎቹ ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻ ተሳካላቸው።

መምህራችን የነገሩን ሥራው ለምን እንደሚከብድ ነው። የቀለጠ ብረት እንደ ማር ነው። ማር ሲረጋ መጀመሪያ ጥቂት ጥቃቅን ፍሬዎች ይፈጠራሉ፤ ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ፍሬዎቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ገዝፈው ማሩ ይሻክራል፤ ብዙ ከሆኑ ቦታ ይሻማሉና ለስላሳ ይሆናል። ነሐስም እንዲሁ ነው። መዳብና ቆርቆሮው ተዋህዶ ሲቀዘቅዝ ዘሮች ይፈጠራሉ፤ እያደጉ ሄደው ከጎረቤታቸው ጋር ሲጋጠሙ ይቆማሉ። ቅንጣቱ ደቃቅ የሆነ ብረት ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ቅንጣት ውስጥ የተነሳ መንሸራተት በድንበሩ ላይ ይገታል። ወፍራም ነገር ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ መሐሉ ቀስ ብሎ ስለሚረጋ ቅንጣቱ ይገዝፋል፤ ነሐስ ደግሞ ሲረጋ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ማስቀረት ይወዳል። ዛሬ አሉሚኒየም የሚያፈስስ ፋብሪካ ትንሽ ቲታኒየምና ቦሮን ጣል ያደርጋል፤ እነሱ ዘር ይሆኑለታል። የእኔ እጀታ ግን ወፍራም ነበር፣ የቀዘቀዘውም ቀስ ብሎ ነው፣ ዘርም አልተጨመረበትም።

ጋፋት ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ሶርቢ የሚባል ሰው የብረትን ውስጥ በማይክሮስኮፕ መመልከት የጀመረው ገና በ1863 እና 1864 እ.ኤ.አ. ነው። ቴዎድሮስ ግን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሞርታር አሠሩ። ስሙንም በክራይሚያ ጦርነት በታወቀችው ከተማ ሴባስቶፖል አሉት።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ገደል እየናዱ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ያን ብረት እየጎተተ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። አገሩ ግን በዚያን ጊዜ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ ብረቱን የሚጎትት ሕዝብ እንጂ ተከትሏቸው የሚሞት አገር አልነበራቸውም። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ሠራዊታቸው እሮጌ ላይ በናፒየር ጦር ተመታ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ ራሳቸውን ሰዉ።

ከሜክሲኮ ተነስቼ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በእግሬ የሄድኩት ከዓመታት በኋላ ነው። የሴባስቶፖልን ቅጂ ቆሜ አየሁት፤ እጄ መዶሻ ፈለገ፣ ነካ አድርጌ ድምፁን ልሰማ። ግን ቅጂ ነው። ዋናው መቅደላ ተራራ ላይ ነው፤ ውስጡ ደቃቅ ይሁን ሻካራ ሰብሮ ያየው የለም። የተሰበረች እጀታዬ ግን ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች።